ለእማዬ ሳይኮሎጂስት ስፈልግ

እማዬ የመርሳት ምልክት አለባት የተባለችው ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ነው። በፈረንጅ ሜይ 14፣ 2025። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር የጻፍኩት በምክንያት ነው።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባዬ ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቶ ነው ያሳደገን። እሱ ካረፈ ወዲህ እማዬ እንቅልፍ አጣች። ምግብ ቀነሰች። ድስት ጥዳ ትረሳለች። ጠዋት የጠየቀችኝን ማታ መልሳ ትጠይቀኛለች። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል "ሐዘን ነው፣ ጊዜ ስጫት" ትለኛለች። የእማዬ ጓደኞች ጸበል ውሰጃት አሉኝ። ወሰድኳት፣ አሁንም ትሄዳለች፣ ደስም ይላታል። እኔ ግን ሌሊት ኮቴዋን እየሰማሁ መተኛት አቃተኝ። ስለዚህ ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ።

እዚያ አንዲት ነርስ አጭር የማስታወስ ፈተና ሰጠቻት። አስተርጓሚው በስልክ ነበር። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ተባለች። እማዬ ሳታመነታ "ረቡዕ፣ ግንቦት 6፣ 2017" አለች። ትክክል ነበረች። አስተርጓሚው ያለችውን እንዳለ አስተላለፈ። ወረቀቱ ላይ ግን ወሩም፣ ቀኑም፣ ዓመቱም ስህተት ተብሎ ሰፈረ። ትክክል የተባለላት ረቡዕ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሰዓት ስዪ ተባለች። አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ። ክቡን ሳለች፣ ቁጥሮቹን በየቦታቸው አስቀመጠች፣ አጭሩን ቆጣሪ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አደረገች። ጎንደር ተወልዳ ላደገች ሴት አስራ አንድ ሰዓት ሲባል አጭሩ ቆጣሪ ያለው አምስት ላይ ነው። ይሄም ስህተት ተባለ። ለነርሷ አስረዳኋት። በትሕትና ሰማችኝ፣ ግን የፈተናው መመሪያ የሚለውን ብቻ መመዝገብ እንደምትችል ነገረችኝ።

ያልመለሰቻቸው ጥያቄዎችም ነበሩ። ያዢ ከተባለቻቸው አምስት ቃላት ሁለቱን ብቻ ነው ያስታወሰችው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ "ፈተናው ነው የተሳሳተው" ብዬ ቤቴ መግባት አልቻልኩም። ሐኪሟም እንደዚያው አሰቡ። የታይሮይድና የቢ12 የደም ምርመራ አዘዙ፤ ሁለቱም ሲዛቡ ማስታወስን ይነካሉ። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ በትልልቅ ሰዎች ላይ ድባቴ የመርሳት በሽታ ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱን ለመለየት ሰፋ ያለ ምርመራ የሚያደርግ ሳይኮሎጂስት ያስፈልጋል። ሪፈራል ጻፉልን። ማን ጋ እንደምንሄድ ግን ራሳችን እንድንፈልግ ተነገረን።

እዚህ አገር "ቴራፒስት ጋ ሂዱ" ሲባል ብዙ ዓይነት ሰው ማለት ነው። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪ ያለው፣ በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር የሠራ፣ 225 ጥያቄ ያለውን ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ሰው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ መድኃኒት አያዝም። እንደ ኒው ሜክሲኮና ሉዊዚያና ባሉ ጥቂት ስቴቶች ግን ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ያዛል። ከነዚህ ሌላ የማስተርስ ዲግሪ ያላቸው ፈቃድ ያላቸው ካውንስለሮችና ክሊኒካል ሶሻል ወርከሮች አሉ። ለማናገር፣ ሐዘንን ለማስታመም፣ ጭንቀትን ለማከም እነሱም ሙሉ ባለሙያ ናቸው፤ በአካባቢያችን አማርኛ የሚናገር ስፈልግ ያገኘኋቸውም በአብዛኛው እነሱን ነው። እንደ እማዬ ዓይነት ሰፊ የማስታወስና የአስተሳሰብ ምርመራ ግን የሳይኮሎጂስት ሥራ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቁ ብዙ ስልክ መደወል ያስቀራል። ጉዳያችሁ ማውራት ብቻ ከሆነ ሳይኮሎጂስት ካልሆነ ብላችሁ ወራት አትጠብቁ።

አሁን ወደ ፈቃድ ልምጣ፤ አጥብቄ መናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ፍለጋውን ስጀምር ሰዎች የላኩልኝ ስም ብዙ ነበር። አንዱ ፌስቡክ ላይ በአማርኛ የሚያስተምር፣ ብዙ ተከታይ ያለው፣ ራሱን "ሳይኮሎጂስት" ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ንግግሩ ያምራል። እማዬም ወደደችው። ደወልኩለት። ገንዘቡ አስቀድሞ ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ እንዲላክ ጠየቀኝ። ፈቃድዎ የየትኛው ስቴት ነው ስለው "እኔ ዓለም አቀፍ ነው የምሠራው" አለኝ። የፈቃድ ቁጥር ስጠይቅ ተቆጣ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሳይኮሎጂስት የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። ያለ ፈቃድ ራስን እንዲህ ብሎ አስጠርቶ መሥራት አይቻልም። ፈቃዱን የሚሰጠው በስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የሳይኮሎጂስቶች ፈታኝ ቦርድ ነው። ካውንስለሮች የራሳቸው ቦርድ አላቸው፣ ሶሻል ወርከሮችም የራሳቸው። ቨርጂኒያም ዲሲም እንደዚሁ የየራሳቸው አላቸው። በየድረ ገጹ የባለሙያውን ስም ስታስገቡ ፈቃዱ በሥራ ላይ መሆኑን ወይም ጊዜው ማለፉን ታያላችሁ። በቦርዱ የተወሰደበት የዲሲፕሊን እርምጃ ካለም ይፋ ይደረጋል። ክፍያ የለውም። የቡና ውሃ እስኪፈላ ያልቃል። "ላይፍ ኮች" ለመባል ግን ምንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ማንም ሰው ነገ ጠዋት ተነስቶ መሆን ይችላል። የዚያን ሰውዬ ስም በሦስቱም ቦታ ፈለግሁ። የለም።

አማርኛ መናገሩና መልካም ሰው መሆኑ ፈቃድ አይተካም። ፈቃድ ያለው ሰው ቢበድላችሁ ቦርዱ ጋ ትከሱታላችሁ፤ ቦርዱ መርምሮ ፈቃዱን ሊነጥቅ ይችላል። ከፌስቡኩ ሰው ጋር ብንሄድና እማዬ ብትጎዳ የት ሄጄ እጮህ ነበር?

ከዚያ የኢንሹራንሱን ዝርዝር ይዤ መደወል ጀመርኩ። እማዬ በአባዬ ሥራ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ አላት። ሜዲኬር ፓርት ቢ የሳይኮሎጂስት ክፍያን ይሸፍናል፤ በ2025 የዓመቱ ዲዳክቲብል (ታካሚው ቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለው) 257 ዶላር ነበር፣ ከዚያ በኋላ ከተፈቀደው ሂሳብ 80 በመቶውን እሱ ይከፍላል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ካውንስለሮችንም መሸፈን ጀምሯል። ሆኖም ሜዲኬር የማይቀበሉ ሳይኮሎጂስቶች ብዙ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ካሉት ስልኮች አንዳንዱ አይሠራም። አንዳንዱ አዲስ ሰው አይቀበልም። አንዳንዱ የሚያየው ሕፃናትን ብቻ ነው። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ እንዳለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ የዶክትሬት ተማሪዎች ፈቃድ ባላቸው ሳይኮሎጂስቶች ክትትል ሥር በቅናሽ ያያሉ። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ደግሞ ከኪሱ የሚከፍል ሰው የሚጠበቅበትን ሂሳብ ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው። ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ዊተን፣ ሮክቪል እያልኩ በካርታ ቅርበት ስፈልግ ሰነበትኩ። አማርኛ የሚናገር፣ ሳይኮሎጂስት የሆነ፣ አዲስ ሰው የሚቀበል፣ ሜዲኬር የሚወስድ፤ አራቱን በአንድ ላይ ማግኘት አልቻልኩም። መንገድ የከፈተልኝ አንድ የቢሮ ጸሐፊ በስልክ የነገረችኝ ነገር ነው። በቪዲዮ ለሚደረግ ቀጠሮ ዋናው ነገር ታካሚው የተቀመጠበት ስቴት ነው። እማዬ የምታወራው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው መኝታ ክፍሏ ከሆነ ባለሙያው ሜሪላንድ ውስጥ ለመሥራት የተፈቀደለት መሆን አለበት። አዲስ አበባ ያለ ጎበዝ ሳይኮሎጂስት ሜሪላንድ ላይ ፈቃድ ከሌለው አይችልም። ሆኖም ሳይፓክት የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ። ከ40 በላይ ስቴቶች ገብተውበታል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲም አሉበት። በዚህ ስምምነት ፈቃድ ያወጣ ሳይኮሎጂስት ከራሱ ስቴት ሆኖ በሌሎቹ አባል ስቴቶች ያሉ ሰዎችን በቪዲዮ ማየት ይችላል። የፈቃድ ባለቤቶቹን ስም ከስምምነቱ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል።

ፍለጋዬ በአንድ ጊዜ ሰፋ። ኮሎምበስ፣ አትላንታ፣ ዳላስ፤ ሐበሻ በብዛት ያለባቸው እነዚህ ከተሞች ሦስቱም አባል ስቴቶች ውስጥ ናቸው።

ለእማዬ ደግሞ ርቀቱ ራሱ ጥቅም ሆነ። መጀመሪያ ሐበሻ አልፈልግም ብላኝ ነበር። "ዛሬ የነገርኩት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቀኛል" አለች። ይህን ፍርሃት አላቃልልም። እዚህ አካባቢ ሁሉም ሰው በአንድ ማኅበር ወይም በአንድ ዕድር ይተዋወቃል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሰማውን እንዳያወጣ ሕግ እንደሚያስረው ነገርኳት። የማይታሰርባቸው ሁኔታዎች እንዳሉም አልደበቅኳትም፤ ራስን ወይም ሌላ ሰውን የመጉዳት አደጋ፣ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሰው ላይ የሚፈጸም በደል፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ። ሰማችኝ። ያሳመናት ግን በቪዲዮ ያገኘሁላት አማርኛ ተናጋሪ ሳይኮሎጂስት የምትኖረው ሌላ ስቴት መሆኑን ማወቋ ነው። "እንግዲያው ቄሳችንን አታውቅም" አለች።

በመጨረሻ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ለማናገር አማርኛ የምትናገር ሳይኮሎጂስት በቪዲዮ፣ ከሌላ ስቴት። ለምርመራው ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ በአካል የሚያይ ሳይኮሎጂስት ከአስተርጓሚ ጋር። ለምርመራ ባለሙያው የምትስልበትን እጇን፣ ፊቷን፣ የምታመነታበትን ቦታ ሁሉ ማየት አለበት ብዬ ስላሰብኩ ቪዲዮ አልታየኝም። ምርመራውን በአማርኛ የሚሠራ በአቅራቢያችን አላገኘሁም።

የምርመራውን ሳይኮሎጂስት የመረጥኳቸው በስልክ ባነሳሁላቸው ጥያቄዎች ነው። ፈቃዳቸውን አስቀድሜ አይቼ ስለነበር ስለሱ አልጠየቅኩም። እንግሊዝኛ የማይናገር ትልቅ ሰው መርምረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አስተርጓሚው በአካል ይመጣል ወይስ በስልክ? በልጅነት የተማረችውን የትምህርት ደረጃ ግምት ውስጥ ያስገባሉ? ውጤቱን በምን ይለኩታል፣ ከእነማን ውጤት ጋርስ ያነጻጽሩታል? ሌሎች ቢሮዎች ላይ "አስተርጓሚ ከሌለ ልጇ ብታስተረጉምስ" የሚል መልስ ሰምቼ ነበር። እኚህ ሰው ግን "አንቺ በፍጹም አትገቢም" አሉኝ። ስለ ኢትዮጵያ ሰዓትና አቆጣጠር ስነግራቸው ዝም ብለው ጻፉ፤ ከዚያ ሌላ ምን ማወቅ እንዳለባቸው መልሰው ጠየቁኝ። ይህን ስሰማ ልቤ አረፈ።

ልጅ ለእናቷ ማስተርጎም የለባትም። እማዬ እኔ ፊት ስለ አባዬ አታለቅስም። እኔም የምትለውን ሁሉ እንዳለ ማስተላለፍ አልችልም፤ አንዳንዱን አለሳልሳለሁ፣ አንዳንዱን እዘላለሁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ይህ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ከ2010ሩ የጤና ሕግ የመጣ ግዴታ ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። አስተርጓሚ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ፣ ከቀጠሮው በፊት ደግማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ጉዳዩ ቀጠሮ የማይጠብቅ ከሆነ፣ ማለትም ሰውየው መሞት እፈልጋለሁ ማለት ከጀመረ፣ ፍለጋውን ትታችሁ 988 ደውሉ። ይህ ቁጥር ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ቀን ከሌት ይሠራል። እንግሊዝኛ የማይችልም አስተርጓሚ ያገኛል።

የምርመራው ዕለት እማዬ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። እኔ ውጭ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጠዋት ገብታ የወጣችው ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው፤ መሃል ላይ ዕረፍት ሰጧት። አስተርጓሚዋ በአካል መጥታ ነበር፣ ከሥራው በፊት ከሳይኮሎጂስቱ ጋር ብቻቸውን ተነጋገሩ። እማዬ ደክሟት ነበር ግን አልተከፋችም። "ቀኑን በኛ ልንገርዎ በናንተ አልኩት፣ በሁለቱም ይንገሩኝ አለኝ" አለችኝ መኪና ውስጥ። በሁለቱም ነገረቻቸው።

ውጤቱን ሁላችንም ባለንበት አስረዱን። ከባድ ድባቴ አለባት አሉ። ትኩረቷና እንቅልፏ ተጎድቷል፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አይያዝላትም። የመርሳት በሽታን የሚያሳይ የውጤት አዝማሚያ ግን አላዩም። በዓመቱ እንደገና እንድትታይ መከሩ፤ ድባቴው ሲታከም ማስታወሷ ካልተሻሻለ ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል። እኔም ይህን እንደ ነጻ ወረቀት አልቆጥረውም። የሚቀጥለውን ዓመት ቀጠሮ እዚያው ያዝኩ።

እማዬ ከዚያች በቪዲዮ ከምታገኛት ሳይኮሎጂስት ጋር ቀጥላለች። ሐኪሟም መድኃኒት ጀምረውላታል። እንቅልፏ መጣ ሄደ እያለ ነው። ድስቱን አሁንም አንዳንዴ ትረሳዋለች፤ ምድጃውን በራሱ የሚያጠፋ ነገር ገዝቼ ገጥሜያለሁ። ምግቧ ግን ተመልሷል። ባለፈው ጾም ስትገባ ሽሮውን ራሷ ሠራች፣ ጨው በዛበት ብላ እኔን ወቀሰችኝ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የግንቦቱ ፈተና ውጤት እማዬ የሕክምና መዝገብ ላይ እንዳለ ነው። ወደፊት ሆስፒታል ብትገባ ማንም ሰው ከፍቶ የሚያየው እሱን ነው። ታካሚ መዝገቡ ላይ ስህተት ሲያይ እንዲታረም በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ ሂፓ የሚባለው የሕክምና መረጃ ሕግ ይሰጠዋል። የሳይኮሎጂስቱን ሪፖርት አያይዤ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያ ዕለት ምን እንደነበረ፣ አስራ አንድ ሰዓት በእማዬ ሰዓት የት ላይ እንደሚውል በአንድ ገጽ ጽፌ ላክሁ። ሐኪሟ ተቀበሉት። ቁጥሩን አልሰረዙትም፣ ግን ሥሩ ላይ ማብራሪያ ጨመሩ፤ ሙሉ ሪፖርቱንም አያያዙት። እማዬ አንብቢልኝ አለችኝ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት፣ እንድታስቀምጠውም አተምኩላት።